ዶሮ ስለ ጮኸ ነጋ? የጅምላ ተመስጦና የሳይንስ ፈተና

ወዳጆች፣ ዛሬ ከሰሞኑ ወሬ ትንሽ ወጣ ብለን አንድ የቆየ ታሪክ እንይ። መጨረሻ ላይ ወደ ራሳችን ጉዳይ መመለሳችን ስለማይቀር ታግሳችሁ አንብቡት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1993 ዋሽንግተን ዲሲ «የግድያ መዲና» የሚል ስም ወጥቶላት ነበር። ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ባላት ከተማ በዚያ ዓመት ብቻ ከ450 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። በጁን ወር መጀመሪያ ታዲያ ወደዚህች ከተማ እንግዳ መልእክት የያዙ ሰዎች መግባት ጀመሩ። መጀመሪያ 800 ገደማ ነበሩ፤ እስከ ጁላይ መጨረሻ 4,000 ደረሱ። ሰልፍ ሊወጡ፣ ምግብ ሊያድሉ ወይም ወጣቶችን ሊመክሩ አልነበረም የመጡት። ሥራቸው ዓይናቸውን ጨፍኖ በአንድነት በተመስጦ መቀመጥ ነበር። «እኛ እዚህ በጸጥታ ስንቀመጥ፣ እዚያ ማዶ መንገድ ላይ ያለው ሰው ቢላዋውን ይመልሳል» ነበር ነገሩ።

ይህን የመሩት ጆን ሃግሊን ተራ ሰው አልነበሩም። ከሃርቫርድ በፊዚክስ ዶክትሬት ያገኙ፣ በታላላቅ የምርምር ማዕከላት የሠሩ፣ ኋላም ሦስት ጊዜ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩ ናቸው። ሙከራው ከመጀመሩ በፊት «ወንጀል በ20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል» ብለው በይፋ ተናገሩ። በኋላ ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ግድያ፣ አስገድዶ መድፈርና ከባድ ድብደባ ተደምረው በከፍተኛው ጊዜ በ23.3 በመቶ ቀንሰዋል አሉ።

የፊዚክስ ሊቁ ሮበርት ፓርክ ግን በ2000 ባሳተሙት መጽሐፍ ሌላ ነገር አስታወሱን። በእነዚያው ሳምንታት የከተማዋ ግድያ ታይቶ በማይታወቅ ደረጃ ላይ ነበር። ታዲያ «ቀነሰ» የተባለው ከምን ነው? መልሱ «ሊሆን ይችል ከነበረው» የሚል ነበር። እኛ ባንቀመጥ ኖሮ ከዚህም በባሰ ነበር ማለት ነው። በ1994 ሃግሊን ለቀልድ የሚሰጠውን የኢግ ኖቤል የሰላም ሽልማት «አሸነፉ»፤ ዓለምም ስቆ አለፈ።

እኔ ግን ሳቁ ላይ ማቆም አልፈልግም። መሳቅ ቀላል ነው፤ ከባዱ «ታዲያ ይህ ነገር ሐሰት መሆኑን እንዴት እናውቃለን?» ለሚለው መልስ መስጠት ነው። ይህ ጥያቄ በቁም ነገር ከተያዘ ከተመስጦ አልፎ ብዙ ቦታ ይወስደናል።

■ ሐሳቡ ከየት መጣ?

የነገሩ ባለቤት ሕንዳዊው መምህር ማሃሪሺ ማሄሽ ዮጊ ናቸው። በ1960ዎቹ ቢትልሶች ደጃቸው ድረስ ሄደው ከተማሩ በኋላ ስማቸው ዓለምን አዳረሰ። ትራንሴንደንታል ሜዲቴሽን የተባለው ልምምዳቸው ቀላል ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ ለሃያ ደቂቃ ያህል ተቀምጦ አንድ ቃል በልብ መደጋገም።

እስከዚህ ድረስ ብዙ ጠብ የለም። ማሃሪሺ ግን አንድ እርምጃ ጨመሩ። ከአንድ ከተማ ሕዝብ አንድ በመቶው ይህን ቢለማመድ የተቀረውም ሕዝብ ጠባይ ይለወጣል አሉ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ተከታዮቻቸው አንድ በመቶ የደረሱ የአሜሪካ ትናንሽ ከተሞችን ፈልገው «ወንጀል ቀንሷል» የሚል ጥናት አወጡ፤ ክስተቱንም በመምህራቸው ስም ሰየሙት።

ቀጥሎ ቁጥሩ ይበልጥ አነሰ። የላቀውን ልምምድ የሚያውቁ ሰዎች አንድ ቦታ ተሰብስበው ከተቀመጡ፣ የሚያስፈልገው የሕዝቡ አንድ በመቶ ሳይሆን የአንድ በመቶው ስኩዌር ሩት ብቻ ነው ተባለ። ሐሳቡ ከሌዘር ብርሃን የተወሰደ ነው። ሞገዶች በአንድ ምት ሲሄዱ ጉልበታቸው በቁጥራቸው ልክ ሳይሆን በቁጥራቸው ካሬ ልክ ያድጋል። ይህ ለብርሃን እውነት ነው። ለሰው አእምሮም እውነት መሆኑን ግን ማንም አላሳየም። ምሳሌው ከፊዚክስ መጣ እንጂ ማስረጃው አብሮት አልመጣም።

እስቲ ቀመሩን ወደ እኛ እናምጣው። የኢትዮጵያን ሕዝብ 120 ሚሊዮን እንበል። አንድ በመቶው 1.2 ሚሊዮን ነው። የዚህ ስኩዌር ሩት ደግሞ 1,100 ገደማ ይመጣል። አንድ መካከለኛ አዳራሽ የሚሞላ ሰው ማለት ነው። እውነት ቢሆን ኖሮ በሰው ልጅ ታሪክ ከዚህ የረከሰ የሰላም ዋጋ አይኖርም ነበር። ስለዚህ «ይሞከር» የሚል ሰው ሞኝ አይደለም። ጥያቄው እንዴት ይሞከር የሚለው ነው።

■ ኢየሩሳሌም፣ 1983

ከሁሉም ሙከራዎች ብዙ ክርክር ያስነሳው በኦገስትና በሴፕቴምበር 1983 ኢየሩሳሌም ላይ የተደረገው ነው። በአንድ ሆቴል ውስጥ የተሰበሰቡ ሰዎች በየዕለቱ በተመስጦ ይቀመጡ ነበር፤ ቁጥራቸው ከ65 እስከ 241 ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ተመራማሪዎቹ ይህን የየዕለት ቁጥር በእስራኤል ከነበረው ወንጀል፣ የመኪና አደጋ፣ የእሳት ቃጠሎና የአክሲዮን ገበያ ጋር፣ እንዲሁም በሊባኖስ ጦርነት ከነበረው ሞት ጋር አነጻጸሩት። ሰው በበዛባቸው ቀናት ነገሮች ተሽለዋል አሉ።

ጥናቱ በ1988 የታተመው በተከበረ የግጭት ጥናት መጽሔት ላይ ነው። የመጽሔቱ አዘጋጅ የየል ዩኒቨርሲቲው ብሩስ ራሴት ከጽሑፉ ጋር ማስታወሻ አያይዘው፣ ሐሳቡ ከተለመደው አስተሳሰብ ውጭ ቢሆንም ዘዴው ለኅትመት እንደሚበቃ ገለጹ። በ1990 ደግሞ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ፊሊፕ ሽሮድት በዚያው መጽሔት ላይ ዘዴውን ተቹ። የጥናቱ ባለቤቶችም በዚያው መልስ ሰጡ። ሳይንስ እንዲህ ነው፤ እንግዳን ሐሳብ በር ላይ አይመልስም፣ አስገብቶ ግን ይመረምረዋል።

እኛም እንመርምር። በእነዚያ 61 ቀናት ውስጥ ሌላ ምን ሆነ? ኦገስት 28 የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ሜናኸም ቤጊን ሥልጣን ሊለቁ መሆኑን አስታወቁ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ የእስራኤል ጦር ከሹፍ ተራሮች ለቅቆ ወደ ደቡብ አፈገፈገ። ጦሩ እንደ ወጣ በድሩዞችና በክርስቲያን ሚሊሻዎች መካከል «የተራራው ጦርነት» የተባለው ከባድ ውጊያ ፈነዳ። በወሩ መጨረሻ አካባቢ ተኩስ አቁም ተደረገ። በዚሁ መሐል የአይሁድ አዲስ ዓመት፣ ዮም ኪፑርና የዳስ በዓል ተከታትለው ዋሉ። በዮም ኪፑር ቀን በእስራኤል መንገዶች ላይ መኪና ከስንት አንድ ነው የሚታየው፤ የመኪና አደጋ ቢቀንስ ምን ይገርማል?

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ወደ ሆቴሉ የሚመጣው ሰው ቁጥር ብቻውን አይንቀሳቀስም። በዓል ይነካዋል፣ የሳምንቱ ቀን ይነካዋል፣ የጸጥታው ሁኔታም ሊነካው ይችላል። መንገዱ ሰላም ሲሆን ሰው ይበዛል እንበል። ያኔ ሰላሙ ነው ተመስጦውን ያመጣው ወይስ ተመስጦው ሰላሙን? በወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ሁለቱንም አንድ ዓይነት አድርጎ ያሳየናል።

ሌላም አለ። ዛሬ ተኩስ የበረታበት ቦታ ነገም ሊበረታበት ይችላል። ጦርነት እንደ ሎተሪ በየቀኑ አዲስ ዕጣ አያወጣም። ስለዚህ 61 ቀን 61 ምስክር አይሆንም። ለዚህ የሚሆን የስታቲስቲክስ ዘዴ አለ፤ ተመራማሪዎቹም ተጠቅመውበታል። ዘዴው ግን ያላወቅነውን የፖለቲካ ክስተት ሊያጣራልን አይችልም።

ሦስተኛው ነገር ደግሞ ኢየሩሳሌም ራሷ ናት። በዓለም ላይ በየዕለቱ ይህን ያህል ጸሎት ከሚደረግባቸው ከተሞች አንዷ ናት። በምዕራባዊው ግንብ፣ በአል አቅሷ መስጊድ፣ በዴር ሡልጣን የእኛን መነኮሳት ጨምሮ በስንቱ ገዳም ሰው በአንድነት ለሰላም ይለምናል። ከዚህ ሁሉ መሐል በአንድ ሆቴል የተቀመጡትን 200 ሰዎች ውጤት ለይቶ ማውጣት እንዴት ይቻላል? «የእኛ ልምምድ ከሌላው ይለያል» ካሉ፣ እሱም ራሱን የቻለ ፈተና ያስፈልገዋል።

■ ሁለተኛ ዋሽንግተን የለችም

አሁን ወደ 1993 እንመለስ። አንድ መድኃኒት ሲፈተን ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ፤ አንዱ ወገን መድኃኒቱን ሌላው ማስመሰያውን ይወስዳል። ልዩነት ከታየ ምክንያቱ መድኃኒቱ ነው ብሎ ለመናገር አፍ ይኖረናል። ዋሽንግተን ግን አንድ ብቻ ናት። የ1993 ጁላይም አንዴ ብቻ መጥቶ ሄደ። ተመስጦ ያልተደረገባትን ሌላዋን ዋሽንግተን የት እናገኛታለን?

እውነተኛዋን ማግኘት ስላልተቻለ በወረቀት ላይ ተሠራች። ተመራማሪዎቹ ያለፉትን ዓመታት ወንጀልና የአየር ሙቀት ወስደው (ሙቀት ሲጨምር ጥቃት እንደሚጨምር ይታወቃል) «ይህን ያህል ወንጀል ይጠበቅ ነበር» የሚል ትንበያ አወጡ። 23 በመቶው የተገኘው ከዚህ ትንበያ ጋር በማነጻጸር ነው። ትንበያው ትንሽ ከፍ ብሎ ከተሠራ ግን ምንም ሳይለወጥ «ቀነሰ» ማለት ይቻላል።

ድምሩንም እንይ። ከባድ ድብደባ በሺዎች የሚቆጠር ነው፤ ግድያ ግን በመቶዎች። ሦስቱን ስትደምራቸው ትልቁ ቁጥር ትንሹን ይውጠዋል። ድብደባ በመጠኑ ቢቀንስ፣ ግድያ እየጨመረም ድምሩ «ቀነሰ» ይላል። ሟቹ ከድምሩ ውስጥ ጠፋ ማለት ነው። ይህን ስል ሰዎቹ አጭበረበሩ ማለቴ አይደለም። ወንጀልን በስንት መንገድ መቁጠር እንደሚቻልና ውጤቱ በአቆጣጠሩ እንዴት እንደሚለዋወጥ ለማሳየት ነው።

ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚከብደው ግን ይህ ነው። በራሳቸው ቀመር መሠረት በዚያ ዘመን ለመላው አሜሪካ ሕዝብ የሚያስፈልገው 1,600 ሰው ገደማ ነበር። 4,000 ሰው ከተሰበሰበ ውጤቱ ኒው ዮርክንም ሎስ አንጀለስንም መንካት ነበረበት። ስለዚህ «ያልተነካች ከተማ» ብለን ለማነጻጸሪያ የምንወስዳት አትኖርም። ሐሳቡ በገዛ ስፋቱ ራሱን ከፈተና ያወጣል። ሁሉን ቦታ የሚነካ ነገር የትም ቦታ አይያዝም።

ይህ ችግር የተመስጦ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ በኋላ በመላው አሜሪካ ወንጀል በከፍተኛ ደረጃ ወረደ። ምክንያቱ የፖሊስ ብዛት ነው፣ ኢኮኖሚው ነው፣ የክራክ ኮኬይን ወረርሽኝ መርገቡ ነው፣ ከቤንዚን ውስጥ ሊድ መውጣቱ ነው እየተባለ ምሁራኑ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የሚታይና የሚጨበጥ ምክንያት እንዲህ ካከራከረ የማይታየው እንዴት አያከራክር?

■ የሚፈተነውና የማይፈተነው

ሚዛናዊ እንሁን። ተመስጦ ለሚያደርገው ሰው ይጠቅማል ወይ የሚለው ሊፈተን ይችላል፤ ተፈትኗልም። በ2014 አንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት 47 በዕጣ የተከፋፈሉ ጥናቶችንና 3,515 ተሳታፊዎችን የሸፈነ ግምገማ አውጥቶ፣ አንዳንድ የተመስጦ ዓይነቶች ጭንቀትን፣ ድባቴንና ሕመምን በመጠኑ እንደሚያቀሉ አመልክቷል። ተአምር አይደለም፤ ግን ባዶም አይደለም።

ሌላ ሰው ስለሚያደርግልን ነገርስ? በ2006 ውጤቱ የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት በስድስት የአሜሪካ ሆስፒታሎች የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 1,802 ሕመምተኞች በዕጣ ለሦስት ከፍሎ፣ ለተወሰኑት በማያውቋቸው ሰዎች ጸሎት አስደረገ። ከሚጸለይላቸው ግን እርግጠኛ ካልሆኑት 52 በመቶው፣ ከማይጸለይላቸው ደግሞ 51 በመቶው የጤና እክል ገጠማቸው። የሚጸለይላቸው መሆኑን በእርግጠኝነት ያወቁት ግን 59 በመቶ ደረሱ። ዕጣ ነበረ፣ ቁጥሩም ብዙ ነበር። እንዲያም ሆኖ «ያልተጸለየለት» የተባለው ሰው እናት ቤቷ ሆና እንዳትጸልይ ማን ይከለክላታል? ሰውን በሰው በሚያነጻጽር ጥናት ይህን ያህል ከከበደ፣ አገርን ከአገር ሲሆን አስቡት።

■ ሞዛምቢክ፦ ጉዳዩ ቀልድ የማይሆንበት ቦታ

ወደ አህጉራችን እንምጣ። የሞዛምቢክ ፕሬዚዳንት ጆአኪም ቺሳኖ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይህን ተመስጦ ተማሩ፤ ከዚያም ቤተሰባቸውን፣ ሚኒስትሮቻቸውን፣ ቀጥሎም ወታደሮችንና ፖሊሶችን እንዲለማመዱት አደረጉ። አገሪቱ ከ1977 ጀምሮ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከጨረሰ ጦርነት ወጥታ ሰላም አገኘች። ቺሳኖም ለሰላሙ ተመስጦው ትልቅ ድርሻ እንዳለው በአደባባይ ተናገሩ። ቺሳኖ ተራ ሰው አይደሉም፤ ሥልጣን በፈቃዳቸው ለቅቀው በ2007 የመጀመሪያውን የሞ ኢብራሂም ሽልማት ያገኙ መሪ ናቸው።

አሁን ሌላውን ዝርዝር እንይ። በ1989 ገዢው ፓርቲ ፍሬሊሞ የማርክሲስት ርዕዮቱን ተወ። በ1990 ብዙ ፓርቲ የሚፈቅድ ሕገ መንግሥት ጸደቀ። ለአማፂው ሬናሞ የጀርባ አጥንት የነበረችው የአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ በዚያው ዓመት ማንዴላን ፈትታ መንገዷን ቀየረች። ቀዝቃዛው ጦርነት አበቃ። በ1991 እና በ1992 ከባድ ድርቅ ደቡባዊ አፍሪካን መታ፤ ሁለቱም ወገን የሚበላውን አጣ። ከጁላይ 1990 ጀምሮ ሮም ውስጥ በሳንት ኤጂዲዮ ማኅበር አደራዳሪነት ከሁለት ዓመት በላይ ተነጋገሩ። ኦክቶበር 4 ቀን 1992 ተፈራረሙ። ከዚያ የተባበሩት መንግሥታት በሺዎች የሚቆጠር ሰላም አስከባሪ ልኮ እስከ 1994 ምርጫ ድረስ ቆየ።

ከእነዚህ ሁሉ መሐል የተመስጦውን ድርሻ ማን ይለይልናል? ማንም። ቢሆንም ለማን ምስጋና እንደምንሰጥ ይወስነናል። ሰላሙ ከሮም ጠረጴዛ መጣ ካልን ቀጣዩ ጦርነት ሲመጣ ጠረጴዛ እንፈልጋለን። ከአዳራሽ መጣ ካልን አዳራሽ እንከራያለን። የተሳሳተ ትምህርት ዋጋው ብር ብቻ አይደለም፤ ሰው ነው።

■ ወደ ቤታችን

ኖቬምበር 2022 በፕሪቶሪያ ስምምነት ሲፈረም አስታውሱ። አንዱ «የምህላችን መልስ ነው» አለ። ሌላው የአፍሪካ ኅብረትን፣ ሌላው የአሜሪካን ግፊት፣ ሌላው የጦር ሜዳውን፣ ሌላው የሁለቱንም ወገን መድከም አነሣ። ሁሉም እርግጠኛ ነበር። እኛም እንደ ዋሽንግተን ሁለተኛ ኢትዮጵያ የለችንም፤ አንዱን ምክንያት አውጥተን እንደገና ልናየው አንችልም።

ምህላን ያነሣሁት ከሙከራው ጋር ላመሳስለው አይደለም። ምህላ የገባ ሰው «በ23.3 በመቶ ይቀንሳል» ብሎ ቃል አልገባም፤ ለፈጣሪው አቤት ብሎ መልሱን ለእሱ ትቷል። እምነት ነው፣ በእምነትነቱም ይከበራል። ቁጥር ይዞ «ሳይንስ አረጋገጠልኝ» ያለ ሰው ግን ወደ ሌላ ችሎት ገብቷል፤ በዚያ ችሎት ሕግ መዳኘት አለበት።

የዚያ ችሎት ሕግ ከባድ ነው እንጂ ስውር አይደለም። ተመስጦው የሚደረግባቸውን ሳምንታት ተመራማሪው ሳይሆን ዕጣ ይምረጣቸው። አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ ይሁን። የሚቆጠረው ነገርና አቆጣጠሩ አስቀድሞ ተጽፎ ይታሸግ። ቆጣሪው የትኛው ሳምንት የተመስጦ እንደነበረ አይወቅ። ስሌቱን የሚሠራው ከድርጅቱ ጋር ዝምድና የሌለው ሰው ይሁን። ከሁሉም በፊት ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፦ «ይህ ከሆነ ተሳስቻለሁ»።

የዋሽንግተኑ ሙከራ የጎደለው ይህ የመጨረሻው ነበር። ቢቀንስ «ሠራ»፤ ቢጨምር «ባንኖር ከዚህም ይብስ ነበር»። በሁለቱም የሚያሸንፍ ሐሳብ አልተፈተነም።

ይህን መለኪያ ለተመስጦ ብቻ አንያዘው። «ዘመቻችን ወንጀልን ቀነሰ» የሚል የከተማ ሹም፣ «ፖሊሲያችን ባይኖር ኢኮኖሚው ከዚህ ይከፋ ነበር» የሚል ባለሥልጣን፣ «የእኛ ትግል ነው ለውጡን ያመጣው» የሚል ፓርቲ ሲመጣ ያንኑ ጥያቄ እንጠይቀው፦ ምን ቢሆን ኖሮ «አልሠራም» ትለን ነበር?

ዶሮ ጮኸም አልጮኸም ሌሊቱ መንጋቱ አይቀርም። ዶሮው ሐሰተኛ አይደለም፤ በየማለዳው ጮኾ በየማለዳው ሲነጋ አይቷል። አንድም ቀን ዝም ብሎ አለማየቱ ነው ችግሩ።

ቸር እንሰንብት።